ንዕማን በዮርዳኖስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ተሳላሚ ምእመናን፤ ወደ ዮርዳኖስ የወረደ ሰው ወንዙን ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይገረማል። በልቡ ሲያስበው የኖረው ሰፊና የጠራ ውኃ ነበር፤ የሚያገኘው ግን ጠባብና ድፍርስ ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማንም በዚሁ ወንዝ ተሰናክሎ ነበር፤ እንዲያውም ተቆጣ።

ንዕማን ከለምጹ ሊነጻ ሲመጣ 10 መክሊት ብር፣ 6000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ ነበር። ሊከፍል ነው የመጣው። ነቢዩ ኤልሳዕ ግን ከቤቱ እንኳ አልወጣም፤ ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ ይታጠብ ዘንድ በመልእክተኛ አዘዘው። ያ ታላቅ ሰው የደማስቆን ወንዞች፣ አባናንና ፋርፋን፣ አስቦ በቍጣ ፊቱን መለሰ። አገልጋዮቹ ያሉትን ልብ በሉ፤ ከባድ ነገር ቢታዘዝ ኖሮ ያደርገው እንደ ነበር አስታወሱት። እውነትም ነው። ከባድ ሥራ የሠራ የሚመካበት አለው፤ በድፍርስ ውኃ ታጥቦ ለዳነ ግን ምን ትምክሕት ይቀርለታል?

ይህ ጠባይ በእኛም ዘንድ አለ፤ ብዙ ጊዜም የትሕትና ልብስ ለብሶ ይመጣል። «እኔ አይገባኝም» እያለ ዘመኑን ሁሉ ከሥጋ ወደሙ ርቆ የሚኖር ምእመን ጥቂት አይደለም። ያለ ንስሐ፣ ያለ ንስሐ አባቱ ምክር ይቅረብ ማለቴ አይደለም፤ ያ ድፍረት ነው። ነገር ግን አንድ ቀን በራሴ ሥራ የተገባሁ እሆናለሁ ብሎ የሚዘገይ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ደመወዝ እንጂ ጸጋ አይደለም። የቅፍርናሆሙ መቶ አለቃም ጌታ ከቤቱ ይገባ ዘንድ እንደማይገባው ተናግሯል፤ በዚያው አፉ ግን ለመነ፣ የለመነውንም ተቀበለ። ጴጥሮስ በጸሎተ ሐሙስ እግሬን አላሳጥብም ባለ ጊዜ ትሑት መስሎ ነበር፤ ጌታ ግን ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል እንደማይኖረው ነገረው። ሁለቱም አለመብቃታቸውን አውቀዋል፤ አንዱ እጁን ዘረጋ፣ ሌላው እግሩን ሰበሰበ።

ጌታ በናዝሬት ምኵራብ የንዕማንን ነገር ባነሣ ጊዜ ሰሚዎቹ ተቆጥተው ከተራራው አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት። በእስራኤል ብዙ ለምጻሞች ሳሉ የነጻው ባዕዱ ሶርያዊ ብቻ መሆኑን መስማት አልወደዱም። ለእኔ ይገባኛል በሚል ልብ ዘንድ፣ ለሌላው የተሰጠ ቸርነት እንደ በደል ይቈጠራል። ለዓመታት ቆጥቦ፣ ጾሞና ደክሞ ኢየሩሳሌም የደረሰ ተሳላሚም ይህን አሳብ ይጠንቀቀው።

ንዕማን ከነጻ በኋላ ስጦታውን ይቀበለው ዘንድ ግድ ቢለውም ኤልሳዕ እንቢ አለ። (በስውር ተከትሎ የተቀበለው የግያዝ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል።) ያን ጊዜ ሊከፍል የመጣው ሰው ለማኝ ሆነ፤ የለመነውም እናንተ ከዚህ በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥራችሁ የምትወስዱትን ነው። ወርቁን መልሶ ጭኖ፣ በሁለት በቅሎ አፈር ይዞ ወደ አገሩ ሄደ።