ሞት በሌለበት ጦር ሜዳ ጀግና አለን?



ጀግና ማለት ማን ነው? ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ብዙ ሳናሰላስል የምንሰጠው መልስ አለ፤ ይኸውም ሞትን ሳይፈራ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ነው የሚል ነው። በፉከራውም በቀረርቶውም ስንሰማው ያደግነው ይኸው ስለ ሆነ መልሱ አያስደንቅም። ታዲያ ሞት የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለበት ጦር ሜዳ ቢኖርስ? በዚያ ስፍራ ጀግና ሊገኝ ይችላልን?

ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ፍልስፍና ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጦር ሜዳ በእርግጥ አለ፤ እኔም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል በአክስቴ ልጅ ኮምፒዩተር ማታ ማታ ተመላልሼበታለሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ወደ ኋላ ስመለከተው፣ በዚያ ያየሁት ነገር ለሁላችንም የሚያነጋግር መስሎ ስለ ታየኝ ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ጦር ሜዳው ፕላኔትሳይድ 2 የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ፕላኔትሳይድ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ 13 ዓመት ከቆየ በኋላ በ2016 ተዘጋ። ሁለተኛው ደግሞ በኖቬምበር 2012 ለተጫዋቾች ቀረበ። ታሪኩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ኦራክሲስ በምትባል ሩቅ ፕላኔት ላይ ሦስት ወገኖች ይዋጋሉ፤ ቀይ ለባሹ ቴራን ሪፐብሊክ ስለ ሕግና ሥርዓት፣ ሰማያዊ ለባሹ ኒው ኮንግሎመሬት ስለ ነፃነት፣ ሐምራዊ ለባሹ ቫኑ ሶቨሪንቲ ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዋጋለን ይላሉ። በሌሎች የተኩስ ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰዎች በጠባብ ሜዳ ይገጥማሉ፤ በዚህኛው ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2015 በአንድ ውጊያ 1,158 ተጫዋቾች ተሰልፈው በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ተመዝግቦላቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። በዚህ ጦርነት የተመታ ተዋጊ ይወድቃል፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶም እንደ ገና ይነሣል። ጥይቱ ቢያልቅ ይተካል፤ ታንኩ ቢቃጠል ሌላ ይወጣል። ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ተጋድለን የያዝነው ምሽግ ነገ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሌላ ወገን እጅ ይገኛል። የመጨረሻ ድል የሚባል ነገርም የለም፤ አንዱ ወገን ለዘለቄታው ቢያሸንፍ ጨዋታው ራሱ ያበቃ ነበርና።

እንግዲህ በዚህ ቦታ ብቻዬን በሃምሳ ጠላት መካከል ብዘል ምን አጣለሁ? አሥር ሰኮንድ ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ የለም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሞት በሌለበት ጦር ሜዳ ጀግንነት የለም። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ደፋር ነው ሊባል አይችልም። ፈጣን ጣትና ጥሩ ዓይን ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ግን ከጀግንነት የተለየ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። በጨዋታው ውስጥ ሰንደረር የሚባል ትልቅ ብረት ለበስ መኪና አለ። አሽከርካሪው ወደ ግንባር አስጠግቶ ሲያቆመው የወደቁ ጓደኞቹ የሚነሡበት ቦታ ይሆናል። መኪናው ከተመታ ግን ተዋጊዎቹ ከሩቅ ምሽግ ተነሥተው ሜዳውን እንደ ገና ማቋረጥ ግድ ይላቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሊጠብቀው ይገባል። መጠበቅ ደግሞ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ውጊያው ከኮረብታው ማዶ ሲነድ ጠባቂው ከመኪናው ጥግ ቆሞ የባዶ ሜዳ አሻግሮ ማየት ብቻ ነው።

ከእኛ ቡድን አንድ ልጅ ነበረ። አገሩን አናውቅም፤ የምናውቀው ድምፁን ብቻ ነው። አንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከዚያ መኪና አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። «ና እንጂ፣ ውጊያው እኮ እዚህ ነው» ስንለው «እናንተ የምትነሡበት እንዳይጠፋ ብዬ ነው» ብሎ መለሰ። በዚያ ሌሊት ወደ መኪናው የመጣ ጠላት አልነበረም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ምን ያስደንቃል? ጨዋታው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነጥብ ይከፍላል» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ጓደኞቹ በመኪናው በተነሡ ቁጥር ባለ መኪናው ነጥብ ያገኛል፤ ቁስለኛ የሚያነሣ ሐኪምም እንዲሁ። ነገር ግን የነጥብ ፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናውን አቁሞ እርሱም ወደ ውጊያው በገባ፣ ከሁለቱም ወገን በሰበሰበ ነበር። ቆሞ ለመጠበቁ የተከፈለው አንዳች ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ልጅ የሰጠን ምንድን ነው? በዚያ ዓለም ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል፤ ጥይቱም፣ መኪናውም፣ የተዋጊውም አካል ይመለሳል። የማይመለስ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም ተጫዋቹ በወንበሩ ላይ ያሳለፈው ሰዓት ነው። ያ ሰዓት የልብ ወለድ ሰዓት አይደለም፤ ከአንድ ወጣት ዕድሜ ላይ የተቆረጠ ነው። ልጁ የሰጠን እርሱን ነው፤ የተቀበልነውም እኛ እውነተኞቹ ሰዎች ነን። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ጀግንነት ባይኖርም ታማኝነት አለ እላለሁ። ጀግንነት ሞትን ይጠይቃል፤ ታማኝነት ግን የሚጠይቀው ጊዜንና ሌላውን ሰው ማሰብን ነው።

ይህን ከተቀበልን ተከትሎ የሚመጣውንም ልንቀበል ይገባል። በዚያ ጨዋታ የምትተኩሰው ጥይት የራስህን ወገንም ይጎዳል። ይህን ደጋግሞ የሚያደርግ ሰው መሣሪያው ለጊዜው ይቆለፍበታል። እንዲያም ሆኖ ታንክ ለመቀማት ጓደኛውን የሚመታ፣ ጀማሪውን በስድብ የሚያባርር አይጠፋም ነበር። ሲወቀስ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጨዋታ እኮ ነው!» ነገር ግን የጠባቂው በጎነት እውነተኛ ከሆነ የተሳዳቢው ክፋትም እውነተኛ ነው። አንዱን «መልካም ሠራ» ብለን ሌላውን «ጨዋታ ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም፤ በሁለቱም ጫፍ የተቀመጠው ሰው ነውና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ፣ እኛ ከውጊያው ርቀን የተቀመጥን ወጣቶች እንዴት እንነጋገር እንደ ነበረ እናስታውስ። በስልካችን ላይ ይህ ከተማ ተያዘ፣ ያ ተለቀቀ እያልን ነጥብ እንደሚቆጥር ተጫዋች ስንቆጥር የሰነበትን ጥቂቶች አልነበርንም። ይህን ያስተማረን ጨዋታው ነው ለማለት አልደፍርም፤ ጌም ነክተው የማያውቁ አዋቂዎችም እንዲሁ ይናገሩ ነበርና። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ «ግፋ!» የሚል ሰው የቆመው ልክ በተጫዋቹ ቦታ ላይ ነው። እርሱ የሚያጣው የለም። የወደቀው ግን ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ አይነሣም፤ እናቱ ድንኳን ትጥላለች። ስለዚህ የዚህ ሰው ፉከራ የጀግና ፉከራ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ከሩቅ ያለ ሰው ምንም ሊያደርግ አይችልምን? ይችላል። ያ ልጅ ከመኪናው አጠገብ ያደረገውን ማድረግ ይችላል። ልጇ ከሄደ ወዲህ ወሬው የጠፋባት ጎረቤት ካለች ከርሷ ዘንድ ቁጭ ብሎ ማምሸት፣ ደም መለገስ፣ ቆስሎ የተመለሰውን ወጣት ሰው ከረሳው በኋላም መጠየቅ ይቻላል። እነዚህ ሥራዎች አሰልቺ ናቸው፤ ተመልካችም የላቸውም። ምናልባትም እንደዚያ ሌሊት ምንም ሳይከሰት ሊያልፉ ይችላሉ። የሚጠይቁት ግን ሁላችንም ያለንን ነገር ነው።

ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ! ጨዋታ ተጫወቱ ወይም አትጫወቱ ለማለት አልተነሣሁም። ከእኛ መካከል ጀግና የመሆን አጋጣሚ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ባይደርሰንም ደስ ይበለን፤ የሚመጣው በብዙ ሰው ሞት ነውና። የሚጠበቅ ሰው ግን ለእያንዳንዳችን በየቤታችንና በየሰፈራችን አለ። እስቲ በዚህ ሳምንት ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናስብ፤ አስበንም ሰዓታችንን እንስጠው።