ጥሩ ጽጌረዳ ለማን?

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ከተደረደሩ ችግኞች መካከል ጽጌረዳ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል አያይም። ጥቁሩን ላስቲክ አንሥቶ አበባዋን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ትልቋንና ቀይዋን መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። ግንቦት ላይ የተተከለችው ጽጌረዳ ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ከታችኛው ቅጠሏ መታመም ትጀምራለች። መጀመሪያ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ጠርዙ የተዝረከረከ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። ነሐሴ ሲያልቅ የሚቀረው ጫፉ ላይ አንዲት አበባ የያዘ እርቃኑን የቀረ ግንድ ነው። ባለቤቱም «መጥፎ ዝርያ ሸጡልኝ» ይላል።

እውን መጥፎ ናት?

ጥያቄው የአትክልተኛ ይመስላል እንጂ የፈላስፋ ነው። አርስቶትል የአንድን ነገር ጥሩነት የሚፈልገው በሥራው ነበር፤ ጥሩ ዓይን አጥርቶ ያያል፣ ጥሩ ፈረስ ጋላቢውን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ጠላት ሲመጣም አይደነብርም። የጽጌረዳ ሥራ ግን ምንድን ነው? ንብ ብትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፤ ብናኝ። የዱር ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ አምስት መልካበባ ብቻ ስላላቸው መካከላቸው ለንብ ክፍት ነው። ሰው የሚወዳት፣ መልካበባ በመልካበባ ላይ የደረበችው ጽጌረዳ የተገኘችው ብናኝ ሰጪ ክፍሎቿ ወደ መልካበባ ተለውጠው ነው። ለሰው ዓይን ውበት የሆነው ለተክሉ ከዘሩ ላይ የተቀነሰ ነው።

ነጋዴም የራሱ መልስ አለው። በዝዋይ ግሪንሃውሶች ውስጥ ጥሩ ጽጌረዳ የምትባለው ዘንጓ ረጅም፣ እምቡጧ ጠንካራ ሆኖ፣ በካርቶን ታሽጋ አውሮፓ ከደረሰች በኋላ ማስቀመጫ ውስጥ የምትሰነብተው ናት። መዓዛ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጥናት ለጽጌረዳ ሽታ ወሳኝ የሆነ አንድ ዘረ መል መዓዛ በሌላቸው ዝርያዎች ላይ ሥራ ፈት ሆኖ አግኝቶታል። ደግሞም ከፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ያለች ጽጌረዳ ቅጠሏ ዝናብ አያውቅም። የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ፈንገስ ቅጠል ውስጥ ለመግባት ሰባት ሰዓት ያህል እርጥበት ይበቃዋል፤ የአዲስ አበባ ሐምሌ ደግሞ በዚህ አይሰስትም። ለጣሪያ ተብላ የተዳቀለች ዝርያ ደጅ ወጥታ ብትታመም ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ሲሰብክ፣ ጽጌረዳ ስትፈጠር እሾህ አልነበራትም ብሎ ነበር። እሾሁ በኋላ የተጨመረው ሰው በደስታው አጠገብ ኀዘን መኖሩን እንዳይረሳ ነው። እንግዲህ በባስልዮስ ሐሳብ ከሄድን፣ ነውር የሌለባት ጽጌረዳ ገነት ውስጥ ቀርታለች፤ ገዢ የሚመርጠው የትኛውን ጉድለት እንደሚችል ብቻ ነው። የአትክልት ታሪክም ለዚህ ቀልድ የሚመስል ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1868 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣችው ዜፊሪን ድሩዋን እሾህ የላትም ማለት ይቻላል፤ መዓዛዋም ያውዳል። ባስልዮስ ቢያያት ምን ይል ነበር ያሰኛል። ይህችው ጽጌረዳ ታዲያ በጥቁር ነጠብጣብ በመጠቃት የታወቀች ናት።

ጀርመኖች ክርክሩን ትተው ወደ ፈተና ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው የአገሪቱ የጽጌረዳ ምዘና አዳዲስ ዝርያዎችን በተለያዩ ሥፍራዎች ተክሎ ለሦስት ዓመት ይከታተላል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ምንም ፀረ ተባይ ሳይረጭ። ዳኝነቱ ሐቀኛ ነው፤ ጽጌረዳዋ ደጋፊ ሲታጣ እንዴት እንደምትኖር ይጠይቃልና። ሆኖም የዚያ ምስክር ወረቀት ስለ ጀርመን ብርድ እንጂ ስለ አዲስ አበባ ክረምት አይናገርም።

ስለ ኢትዮጵያ ደጋ የምትመሰክረው ቀጋ ናት። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል የሆነች ብቸኛ ጽጌረዳ እሷ ናት፤ አበባዋ ነጭ፣ መልካበባዋ አምስት፣ ፍሬዋን የገጠር ልጅ እየለቀመ ይበላል፣ ቆልማማ እሾኋ ልብስ ይይዛል። ሰፊ ግቢ ላለውና አጥር ለሚያስፈልገው ሰው ከእሷ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ለጠባብ ግቢ ግን አትሆንም፤ ቦታውን ትወርሳለች።

ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ችግኝ ተራ ከመሄዱ በፊት ጳጉሜ ላይ ሰፈሩን ይዙር። አበባዋን ትቶ፣ ክረምቱን አልፋ እስከ ታች ቅጠሏ ያልረገፈውን ጽጌረዳ ይፈልግ፤ ካገኘም በሩን አንኳኩቶ እርሳስ የሚያክል ቁራጭ ይለምን።