ምጽዋት ምስክር አይፈልግም

ልጆቼ፣ ዘንድሮ በበዓል ዋዜማ በሰፈራችን ያየሁት ነገር እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም። ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው፣ ዘይትና ዱቄት ገዝተው ማዕድ ሊያጋሩ መጡ። መምጣታቸው ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አቅመ ደካሞቹ ግን ስልክ የያዘው ልጅ እስኪዘጋጅ ድረስ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። አንዲት እናት ዘይታቸውን ተቀብለው፣ መርቀው ዞር ሲሉ፣ አንደኛው «እማማ፣ አልተቀረጸም፤ እንደገና ይቀበሉን» አላቸው። እሳቸውም ዘይቱን መልሰው ሰጥተው ዳግመኛ ተቀበሉ፤ ዳግመኛም መረቁ።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ፣ ጥፋቱ የእኛ ሰፈር ልጆች ብቻ አይደለም። ለየኔ ቢጤ አሥር ብር ሲሰጥ ይቀረጻል። የታመመ ሲጠየቅ ይቀረጻል። ለሙት ልጅ ደብተር ሲሰጥ፣ ልጁ ካሜራውን እያየ እንዲያመሰግን ይነገረዋል። ማታ ቲክቶክ ላይ ይወጣና ሰጪው ስንት ሰው እንዳየለት ሲቆጥር ያመሻል። እኔ ይህን ርኅራኄ ብዬ ልጠራው አልችልም። የድሃን ፊት ሸጦ ጭብጨባ መሸመት ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም አከታትሎ አስተምሮናል። ሦስቱንም በስውር እንድናደርጋቸው አዝዞናል። ያዘዘንም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በመንፈስ የሚያድገው በሰጠው ብር ብዛት ቢሆን ኖሮ መንግሥተ ሰማያት የሀብታም ብቻ በሆነች ነበር። ለራስ ሳይሉ ሲሰጡ ግን ስስት ይሞታል፤ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» የሚለው ትዕቢት ይሞታል፤ ያ የተቸገረው ሰው ወንድም ሆኖ መታየት ይጀምራል። ውዳሴ ከንቱ ደግሞ የሞተውን ሁሉ መልሶ ያስነሣዋል። ምጽዋት መከደን ይሻል፤ እንጀራ እንኳ አክንባሎ ካልተደፋበት ዐይን ቢያወጣም አይበስልም።

በየዓመቱ የካቲት 16 የበላዔ ሰብእን ታሪክ ትሰማላችሁ። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ በሰጣት ጥርኝ ውኃ ተማረ። ያን ጊዜ ማን አጨበጨበለት? ውኃዋን የመዘነ ሌላ ነው።

እኔ ራሴ የሰው እጅ አይቼ ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እል ነበር። ውሻ የሚያስነክስም፣ «እለፍ» የሚልም ነበር። አንዲት እናት ግን ድምፄን ሲሰሙ ውሻቸውን ይይዙልኛል። ከዚያ ትኩስ እንጀራ አኩፋዳዬ ውስጥ ከትተው፣ ዐይን ዐይኔን ሳያዩ ፊታቸውን መልሰው ይገባሉ። የማን ልጅ ነህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እንዳላፍር ነበር ፊታቸውን የሚመልሱት። ስማቸውን ስለማላውቅ ዛሬም ዳዊት ስደግም «ውሻቸውን የያዙልኝን እናት አስብልኝ» ብዬ እለምናለሁ። እኒያ እናት ቀርጸውኝ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ ደጅ ሁለተኛ ባልቆምኩ ነበር፤ ተርቤ አድር ነበር እንጂ።

ዛሬ እናንተ የምታደርጉት ግን መቅረጹን ነው። በጎረቤቴ ያለ አንድ ልጅ፣ እናቱ ዱቄት ስትቀበል የታየችበትን ቪዲዮ ጓደኞቹ አይተው ስለቀለዱበት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ተኝቶ ከረመ። ዱቄቱ በሳምንት አለቀ፤ ቪዲዮው ግን አላለቀም።

«ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ነው» ትሉኛላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ብላችሁኛል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በወሎው ረሃብ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ በሞተች እናት አጠገብ ሕፃን ተኝቶ አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ከ20 በለጡ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ያኔ ማን ቀረጻቸው? በሰኔ 2013 ዓ.ም ሲያርፉ አገር ያለቀሰላቸው ኖረውት ስላሳዩ ነው። እንደ መቄዶንያ ያለ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚጦር ማዕከል ችግሩን ለሕዝብ ማሳወቁ ግድ ነው፤ ያለዚያ በምን ያበላል? እናንተ ግን አንድ ሊትር ዘይት ይዛችሁ ያን ሰበብ አታድርጉ። ይልቅ እዚያ ሂዱና ልብስ እጠቡ፣ የሽማግሌ ጥፍር ቁረጡ፣ ጨዋታቸውን አድምጡ። እጃችሁ ሲቆሽሽ ልባችሁ ይነጻል።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። በጾም የተረፈው ምሳችሁ የድሃ ድርሻ ነው፤ ለማታ ራታችሁ አታደልቡት። በእድራችን ድንኳን የሚተክል ወጣት እየጠፋ ነው፤ እዚያም ድረሱ። የታመመች አክስታችሁን ሳትጠይቁ የሰው ሰፈር አትሂዱ። የበደላችሁ ሰው ሲቸገርም ከሌላው አስቀድማችሁ ድረሱለት፤ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ለነፍስ የለም።

ለመጪው በዓል ስትወጡ እንግዲህ ስልኩን ቤት አስቀምጡት። አቅመ ደካማውን አታሰልፉ፤ ደጁ ድረስ ሄዳችሁ ስጡ። የሰጣችሁትን ለጓደኛም ቢሆን አታውሩ። ሳይታይ መስጠት ምን ትርጉም አለው የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ከዱቄቱ በፊት ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ፤ ከዚያ ድሃ ይልቅ የተቸገራችሁት እናንተ ናችሁና።