እምነትና ሥልጣን



እምነት፣ ታማኝነትና ምእመን የሚሉት ቃላት ሁሉ በየጸሎታችን መጨረሻ ከምንለው «አሜን» ጋር አንድ ሥር አላቸው። በኦሮምኛም «አመኑ» ማለት ማመን ነው። ሥልጣን የሚለው ቃል ግን ከሌላ ሥር የወጣ ነው። ባለሥልጣን ያዝዛል፤ የሚያምን ግን ራሱን ይሰጣል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞቻችን በእግዚአብሔር ስም የሚያዝዙ ድምፆች ስለ በዙ፣ ሁለቱን ለይተን ማወቅ ይገባናል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የምናገኛት ሳምራዊት ሴት በከተማዋ አንዳች ሥልጣን አልነበራትም። የሰማችውን ብቻ መሰከረች። የከተማዋ ሰዎች ግን ጌታን ሁለት ቀን ካስተናገዱ በኋላ፣ ከእንግዲህ የሚያምኑት ስለ እርሷ ቃል ሳይሆን ራሳቸው ስለ ሰሙት መሆኑን ነገሯት። ምስክርነቷ ፍጻሜውን ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው።

የአገራችን ሰማዕት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ይህንኑ ያስተምሩናል። እኚህ የጎጃም ተወላጅ መነኩሴ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብፅ በተደረገው ጉዞ ነበር። ቅዱስ ዮስጢኖስ ያን ጊዜ ገና የጵጵስና ማዕረግ አልነበራቸውም፤ የሚያዝዙበትም ኃይል በእጃቸው አልነበረም። አባ ገብረ ሚካኤል መጻሕፍትን እየመረመሩ፣ የቅዱሱንም ትሕትና እየተመለከቱ ቆይተው በ1844 ካቶሊካዊ ሆኑ። በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ሥልጣን እግራቸውን በሰንሰለት አሰረ፤ እምነታቸውን ግን ሊያስለውጣቸው አልቻለም። በ1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ከንቱ ነውን? አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ድንጋጌ፣ የማስተማር ሥልጣን ከእግዚአብሔር ቃል በላይ ሳይሆን የቃሉ አገልጋይ መሆኑን አስተምሯል። ሥልጣን እምነትን ይጠብቃል፤ በእምነት ቦታ ግን ሊቆም አይችልም።

ካህን አልፎ አልፎ ብቻ በሚደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች የምታገለግሉ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ለጥምቀት የሚዘጋጅ ወጣት «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «ዝም ብለህ እመን» አትበሉት። ወንጌሉን ገልጣችሁ አብራችሁት አንብቡ፤ አብራችሁትም ጸልዩ። ነገ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እናንተም እኛ ካህናትም አጠገቡ አንኖርም። እምነቱ በእኛ ቃል ላይ ብቻ ቆሞ ከሆነ በመንገድ ይቀራል፤ በክርስቶስ ላይ ከተመሠረተ ግን በሄደበት ሁሉ ይጸናል።

ታማኙ ጌታ አገልግሎታችንን ይባርክልን። አሜን።