የዋሻው ወጣቶችና ገበያው

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 19ኛውና 20ኛው አያ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። የዋሻው ወጣቶች ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ነቅተው ምን ያህል እንደቆዩ ተጠያየቁ። ከዚያ ወዲያው ምን አደረጉ? ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘብ አስይዘው ወደ ከተማ ላኩት፤ ንጹሑን ምግብ መርጦ እንዲገዛ፣ ማንም እንዳያውቅባቸውም እንዲጠነቀቅ። የፈሩትም ተነግሯል፦ ሰዎቹ ካወቁባቸው ወይ በድንጋይ ይወግሯቸዋል፣ ወይ ወደ ሃይማኖታቸው በግድ ይመልሷቸዋል።

ሱብሃነላህ! ገበያና እምነት በሁለት ተከታታይ አያዎች ውስጥ ጎን ለጎን። የሚበላውን መርጦ መግዛት፣ በሚያምነውም አለመገደድ። እነዚያ ወጣቶች ሁለተኛውን ስላጡ ነው ከተማ ጥለው ዋሻ የገቡት።

"ኡስታዝ፣ የፖለቲካ አቋምህ ምንድን ነው?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ፓርቲ የለኝም፤ አቋም ግን አለኝ። ሰው በንብረቱም በሃይማኖቱም በውዴታው እንጂ በግድ መንቀሳቀስ የለበትም እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ሐሳብ ከአውሮፓ የመጣ አድርገው ያስተምሩናል። መድረሳ ውስጥ ደግሞ በሽያጭ ምዕራፍ "ተራዲ" ብለን ሸምድደነው እናልፋለን፤ ከገበያ ውጪም እንደሚሠራ ብዙም አናስብም።

ሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ገንዘባችንን በመካከላችን ያለ አግባብ እንዳንበላ ከልክሎ፣ የፈቀደው በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ነው። ያለ አግባብ ተገድዶ "ሸጥኩ" ያለ ሰው ሽያጩ እንደማይጸና አብዛኞቹ ዑለማዎች ተናግረዋል። ኢብን ቁዳማ ደግሞ በሙግኒ ላይ በሙስሊሞች ጥበቃ ሥር ያለ የሌላ እምነት ሰው ተገድዶ ቢሰልም፣ በፈቃዱ መስለሙ እስካልታወቀ ድረስ የሙስሊም ብይን እንደማይሰጠው ጽፈዋል። አያችሁ? የተገደደ ሽያጭም የተገደደ ሸሃዳም ዋጋ የለውም።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት በመዲና ዋጋ ናረ። ሰዎች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቁ። አስቡት፤ ጠያቂዎቹ ኑሮ የከበዳቸው ሰሐቦች ናቸው፣ ተጠያቂው የከተማዋ መሪ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን አልተመኑም። ዋጋን የሚወስነው አላህ መሆኑን ነገሯቸው፤ በደምም ሆነ በገንዘብ በደል የሚከሳቸው አንድም ሰው ሳይኖር ጌታቸውን መገናኘት እንደሚመኙም ገለጹ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የነጋዴውን ንብረት ያለ ውዴታው በዚህ ዋጋ ሽጥ ማለት፣ በእሳቸው ዘንድ፣ በቂያማ ቀን ከደም ጋር አብሮ የሚነሳ ጉዳይ ነው።

አባቶቻችሁን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ገበሬው ለመንግሥት የእህል ገዢ ድርጅት ኮታ ያስረክብ ነበር፣ ያውም ከገበያ ባነሰ ዋጋ። እህሉን ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወስድ ኬላ ይጠብቀዋል። ምርት የጎደለበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ይህ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ነጋዴው ወንድሜ ግን እዚህ ላይ ፈገግ አትበል! ዋጋ አልተምንም ያሉት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ አከማችቶ የሚደብቅን ሰው ኃጢአተኛ ብለውታል። እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ ሻጩን ገሥጸዋል። መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያንርን ከልክለዋል። ገበሬው ገበያ ደርሶ ዋጋ ሳይሰማ መንገድ ላይ ጠብቆ የሚገዛውንም ከልክለዋል። ይህን የመጨረሻውን ዛሬ ደላሎቻችን በየከተማው መግቢያ በጠዋት ቆመው ያደርጉታል፤ አንዳንዱማ የሱብሂን ሰላት ሰግዶ ነው የሚወጣው። ረመዳን ሲቃረብ ዘይትና ስኳር መጋዘን ቆልፎ "ዋጋ ከአላህ ነው" የሚል ሰው ሐዲሱን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ እያዞረው ነው። ነጋዴዎች እንዲህ ካደረጉ ባለሥልጣኑ በተገቢው ዋጋ እንዲሸጡ ሊያስገድዳቸው እንደሚችል ኢብን ተይሚያህ ጽፈዋል፤ እኔም ከዚህ ሐሳብ ጋር ነኝ። ያ ገዢ ገዛሁ ቢልም ወዶ አልገዛም፤ ሌላ መውጫ አሳጥተኸዋል።

ወደ እምነቱ ልመለስ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ሸኽ ጠልሃ ተነስተው ተቃወሙ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ንጉሡ ስም ለወጡ እንጂ ልብ አልለወጡም። ይህን ስናወራ እንቆጫለን፣ ይገባናልም። ነገር ግን በሱረቱል በቀራህ 256ኛው አያ በሃይማኖት ማስገደድ የለም የተባለው በማን ላይ እንደወረደ እናስታውስ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ የመዲና አንሷሮች ከአይሁድ ጋር ያደጉ ልጆቻቸውን ለማስቀረት በፈለጉ ጊዜ ነው። ማለትም አያው የከለከለው ሌሎች እኛን እንዳያስገድዱ ብቻ አይደለም፤ እኛ የገዛ ልጆቻችንን እንኳ እንዳናስገድድ ነው። በቁጥር በምንበዛበት ከተማ ለጎረቤታችን የምንነፍገውን ነገር፣ በምናንስበት ከተማ እንደ መብት ልንጠይቅ አንችልም።

ግርግር በተነሳ ቁጥር በየስልኩ የሚዞር መልእክት አለ፤ "ከእነሱ ሱቅ አትግዙ" የሚል። ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ የጦር ጥሩራቸው በሠላሳ ሷዕ ገብስ መያዣነት አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ነበር። ከሰሐቦች መካከል የሚያበድራቸው ጠፍቶ ይመስላችኋል? ገብሱን ከዚያ ሰው ገዙ፤ መያዣ ሰጡ፤ ሰውየውም በሃይማኖቱ እንዳለ ሸጠላቸው።

የዛሬው ጁሙዐ ሰላት ካበቃ በኋላ በምድር ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዘናል። ሱቅህን መልሰህ ስትከፍት ያ መልእክት ስልክህ ላይ ካለ አጥፋው፤ ለሌላም አታስተላልፍ። መጋዘንህ ውስጥ ያለውንም አውጣ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።