የተከደነው ጠርሙስ

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብና ወይን እየተጣመሩ የሚቀመሱበት ምሽት ላይ ተጋብዤ ነበር። የተማርነው ደንብ አጭር ነው፦ ለዓሣ ነጭ ወይን፣ ለሥጋ ቀይ። ምክንያትም አለው። የነጩ ኮምጣጣነት የዓሣውን ቅባት ያቀለዋል፤ በቀዩ ውስጥ ያለው ብረት ግን ከዓሣ ዘይት ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ ደስ የማይል ጠረን ይተዋል። ስለዚህ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሐይቅ ከተማ ስወርድ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁ።

ወደዚያ የጋበዘኝ ባልንጀራዬ ሙስሊም ነው፤ እኔ ክርስቲያን። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝን። ጠርሙሱን ሳወጣ «ለኔ ብለህ አትተው፤ ጠጣ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። መልሼ ከተትሁት። ሁለታችንም ብርዝ አስቀዳን።

«ይስማማል» የምንለው ነገር ከቶ የት ነው ያለው? ከሳህኑና ከብርጭቆው ውስጥ ነው ወይስ ከበላተኛው?

ዴቪድ ሂዩም በ1757 እ.ኤ.አ. ስለ ጣዕም ሲጽፍ ከሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» የተዋሳት ጨዋታ አለች። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ቀመሱ። አንዱ «ጥሩ ነው፤ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ፤ ሌላው «ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሳቀባቸው። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። እንግዲህ ጣዕም የምላስ ፈጠራ ብቻ አይደለም።

እስማማለሁ። የብርዙ ጣፋጭነት ለዚያ ዓሣ የወይኑን ያህል አይሆንም፤ ለወዳጅነት ስል ይህን ብክድ በምላሴ ላይ መዋሸት ነው። ባልንጀራዬ ሎሚ ሲጨምቅበት ከጎደለው ግማሹ መጣ፤ ግማሹ ቀረ።

ኋላ ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። ያን ማታ ሥጋ ያነሳ የለም። እኔ ያረድሁትን እሱ፣ እሱ ያረደውን እኔ አንበላም። ዓሣ ግን በእነሱም ሳይታረድ ሐላል ነው፤ በእኛም ማን ባረከው አይባልም። ለካስ እኔ ጠርሙሴን ከመክደኔ በፊት እሱ ሙክቱን ትቶ ኖሯል፤ ሳይናገር።

ከዚሁ አገር ስሙን የወሰደው የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ይበቃዋል። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ዶ ተነሥቶ ቀጣዩ ዶ ላይ እስኪደረስ 12 ድምፆች አሉ፤ ሰባቱ ይቀራሉ። የቀሩት መጥፎ ሆነው አይደለም። ሁሉም ቢገቡ አምባሰል አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ማዕድም እንዲሁ ነው፦ ባቀረበው ብቻ ሳይሆን ባስቀረውም ይቃኛል።

ሆኖም የጎደለ ሁሉ ቅኝት አይሆንም። ባልንጀራዬ «አትጠጣ» ቢለኝ ኖሮ ነገሩ ትእዛዝ ነበር፤ የወይኑን ጥቅም ባላውቅ ደግሞ የተውሁት ነገር የለም። መተው የሚቆጠረው የሚተወውን ዋጋ ላወቀ፣ «ተው» ላልተባለ ሰው ነው።

ጠርሙሱ እንደ ተከደነ አዲስ አበባ ተመልሷል። አንድ ቀን ከዓሣ ጋር እከፍተዋለሁ፤ ምላሴም ሳይረካ አይቀርም። ቅኝቱ ግን ሌላ ይሆናል።