የሚጠይቀውን ስለ መስማት



መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ በመቱም በበደሌም ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል የመጡ ወጣቶች ይኖራሉ። ወጣት በተሰበሰበበት ደግሞ ጥያቄ አይጠፋም። በጎ ምግባር ያለ ሃይማኖት ይጸናልን? ሰው የአባቱን እምነት ሳይመረምር ሊቀበል ይገባዋልን? በአዲስ አበባ እንዲህ ያለው ነገር በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ መድረክም ይነሣል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በራስ ሆቴል በቀረበው ጦብያ ግጥምን በጃዝ ላይ ግጥም፣ ሙዚቃና ዲስኩር በአንድ ምሽት ይደመጡ ነበር። ዛሬ የጎሬ ወጣትም ይህን የመሰለውን ሁሉ በእጁ በያዘው ስልክ ይሰማል። ሰምቶም ወደ እኛ ይመጣል። ታዲያ ምን እንመልስለታለን?

«ዝም በል፤ ይህን መጠየቅ ኃጢአት ነው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ዝም የተባለ ጥያቄ አይሞትም፤ ጠያቂውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይወጣል እንጂ።

በዚህ ረገድ ኢየሱሳዊው ካህን አባ ክሎድ ሰምነር አብነት ይሆኑናል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከካናዳ መጥተው በአዲስ አበባ ፍልስፍናን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1976 በዚያው ከተማ ስለ አፍሪቃ ፍልስፍና የተካሄደውን ጉባኤ ጽሑፎች አሰናድተው አሳትመዋል። አንጋረ ፈላስፋንና ሌሎች የግዕዝ መጻሕፍትን በ5 ቅጽ ለዓለም አስተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የኦሮሞን ሕዝብ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በጥበብነቱ መርምረው በ3 ቅጽ አቅርበዋል። የኢሉባቦር ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ነገር ሲያስታርቅ የሚጠቀምበት ቃል በሊቃውንት ዘንድ ክብር እንዲያገኝ ደክመዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ስለ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ መድከማቸው ነው። መጽሐፉ የሚተርከው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጠላት ተከሶ ስለ ተሰደደ አንድ መምህር ነው። ያ ንጉሥ የካቶሊክን እምነት በኢየሱሳውያን ትምህርት ተቀብሎ በሥልጣን ሊያጸናው የሞከረ ነበር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀምጦ «ፈረንጆች ይህን ይላሉ፣ ግብጻውያንም ያን ይላሉ፤ እውነቱ የቱ ነው?» እያለ ይመረምራል። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የጻፈው ካፑቺኑ ሚስዮናዊ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለዋል፤ አባ ሰምነር ግን ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግተዋል። እንግዲህ የኢየሱሳውያንን ሥራ የሚነቅፍ መጽሐፍ በኢየሱሳዊ ካህን እጅ ተጠንቶ ተከበረ። አባ ሰምነር ነቀፋውን አልሸሸጉም፤ እውነትን የሚወድ እምነት ነቀፋን አይፈራምና።

ከታሪኩም እንማር። በዐዋጅ የመጣው እምነት ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ዐዋጃቸውን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሰውን ልብ በር ከውጭ የሚሰብር ኃይል የለም፤ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ ማንም ከኅሊናው ውጭ እንዳይገደድ አስተምሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1998 እምነትና አእምሮ ተደጋጋፊዎች መሆናቸውን በመልእክታቸው ገልጠዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ያደረገውን እናስብ። በአርዮስፋጎስ ቆሞ ፈላስፎችን አልረገመም፤ ከመሠዊያቸውና ከባለቅኔዎቻቸው ቃል ተነሥቶ አስተማራቸው። አንዳንዶች አፌዙ፣ አንዳንዶች ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አሉ፣ ጥቂቶች አመኑ። ሐዋርያው ስለ ጥቂቶቹ ሲል የሌሎቹን ፌዝ ታገሠ።

ይህ ማለት ግን የተነገረ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። «ነጻ አሳብ» የሚል ስም ይዞ የሌላውን እምነት በመዘበት ብቻ የሚረካ ተናጋሪ ገና አልመረመረም። እውነተኛ ጠያቂ ራሱም ለመጠየቅ ዝግጁ ነው። የሐተታው ባለታሪክ ወደ ዋሻው መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ገባ፤ ምርመራውንም በጸሎት ጀመረ። እንዲህ ያለውን ሰው ጠላት ብሎ ማባረር በደል ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሕዝባዊ ንግግር ወይም ቴያትር በከተማችሁ ሲቀርብ ከወጣቶቹ ጋር ሄዳችሁ አድምጡ፤ ከዚያም ተቀምጣችሁ ተወያዩ። ጥያቄውን ጠያቂው ራሱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክላችሁ ድገሙት፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። መልሱ ካልተገኘላችሁ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት አያሳፍርም። ወላጆችም ልጃችሁ ሲጠይቅ አትቈጡ፤ ወደ እናንተ መምጣቱ አክብሮት ነው።

እውነት ራሱ የሆነው ጌታ የምንሰማበትን ጆሮ፣ የምንመልስበትንም ትሕትና ይስጠን። አሜን።